ያልወረደው ናዳ

ሳቢና ኮይን ሰው አታምንም። ይህን የሚያወሩባት ጠላቶቿ አይደሉም፤ ራሷ ናት የምትናገረው፣ ያውም በኩራት። የወተት ካርቶን ላይ የታተመውን ቀን አታምንም፣ ከፍታ ታሸታለች። የራዲዮውን የአየር ትንበያ አታምንም፣ በር ላይ ወጥታ ደመናውን ታያለች። ቄሱ "ዛሬ አላስረዝምባችሁም" ካሉ ደግሞ ካፖርቷን አጣጥፋ ከጀርባዋ ታደርግና ለረጅሙ ስብከት ትዘጋጃለች።

ጠባዩን ከሜዳ አላገኘችውም። እናቷ፣ ከደብሊን የሚመጣ ሰው ሁሉ ሊቆጥር፣ ቆጥሮም ሊወስድ የሚመጣ ነው ብላ ነው ያሳደገቻት። ኮት የለበሰ ሰው ከመንገዱ መታጠፊያ ብቅ ሲል አንዷ ጊደር በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤት ትነዳለች። "ሻይ ስጪው፣ ወንበሩን ጥረጊለት፤ ሲጠይቅሽ ግን መልሰሽ ጠይቂው" ትላት ነበር እናቷ። ይህ የአንድ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም። በተራራውና በባሕሩ መሀል በተሰነቀረችው በደሪንቬር መንደር፣ አንድ ሰው ለእንግዳ የሰጠው መልስ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሁሉም መልስ ነው። አንዱ "አላየሁም" ካለ መንደሩ በሙሉ ዓይኑ ይጠፋል። ተሳስቶ እውነቱን የተናገረ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ይነሳበታል።

ደግሞ ምክንያት አላቸው። ከተራራው ወዲያ ባለው ሸለቆ አንድ ጊዜ ወፍ ቆጣሪዎች መጥተው ነበር። ሰላምተኞች ናቸው፣ ሻይ ጠጡ፣ አመስግነው ሄዱ። በዓመቱ ረግረጉ ላይ አጥር ታጠረ፤ "ከእንግዲህ መቁረጥ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳም ቆመ። እዚህ አገር እንጨት የለም። ማገዶው ረግረጉ ራሱ ነው፤ ጥቁሩን አፈር እንደ ጡብ ቆርጠው፣ በነፋስ አድርቀው በምድጃ ያነዱታል። የሸለቆው ሰዎች ከዚያ ወዲህ በዘይት ማሞቂያ ይሞቃሉ፣ ከወፍ ጋርም ተቀያይመዋል።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ሳቢና ድስት እያጠበች በመስኮት ብታይ፣ ከቤቷ በታች፣ ባሏ ኮልማን ዕድሜውን ሙሉ ሲቆርጥበት በኖረው ረግረግ ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካለች። መጀመሪያ የምትጸልይ መሰላት። ቀጥሎ የጆሮ ጌጥ የጠፋባት መሰላት። ሴትየዋ ግን ፊቷን መሬት ላይ ደፍታ ከቆየች በኋላ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለችና እንደገና ተደፋች። የሚጸልይ ሰው እንዲህ ፈቀቅ አይልም። ሳቢና እጇን እንኳ ሳታደርቅ ቦቲዋን አጠለቀች።

በግ ማርባት ከተወች ብዙ ዓመቷ ነው። ቢሆንም ምርኩዟን ይዛ ስትወርድ በግ የጠፋበት ሰው መስላ፣ ግራ ቀኝ እያየች ነበር የወረደችው።

"እንደምን አደሩ!" አለች ሴትየዋ ቀና ብላ። ገና ወጣት ናት። ጉልበቷ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ አንገቷ ላይ ትንሽ ማጉያ መነጽር በክር ተንጠልጥሏል። "ኦርላ እባላለሁ። ከደብሊን ነው የመጣሁት።"

"ከደብሊን!" አለች ሳቢና። "በግ አላየሽም?"

"በግ? አላየሁም፣ እማማ።"

"አንድ ጆሮው ቀይ የተቀባ።"

"ኧረ አላየሁም።"

"አንቺስ ምን ጠፍቶብሽ ነው?"

"ምንም አልጠፋብኝም። ሞስ ነው የማየው።"

"ሞስ? ይሄ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው? ይሄ የምንረግጠው ለምለም?"

"አዎ፣ እሱ።"

"ከደብሊን አልቆ ነው?"

ኦርላ ሳቀች። ሳቢና አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር የጠየቀችው። ልጅቷ ታስረዳት ጀመር። የሞስ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ የትኛው የት እንደሚበቅል ታውቋል፤ በዚህ ጫፍ ግን መጥቶ ያየው የለም፤ ካርታው ላይ ደሪንቬር ጋ ሲደርሱ ባዶ ነው። ሳቢና ይህን ስትሰማ፣ ባዶ በመሆናችን እስከ ዛሬ ምን ጎደለብን ብላ አሰበች።

"ይዩት እስቲ" አለች ኦርላ ማጉያዋን አውልቃ።

ሳቢና ማየት አልፈለገችም። እምቢ ማለት ግን የሚደበቅ ነገር ያለ ያስመስላል፤ ስለዚህ ጎንበስ አለች። አረንጓዴ ነው ስትለው የኖረችው ነገር ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ ሆኖ ታያት። እያንዳንዷ ራስ ለብቻዋ ተዘርግታ፣ መሀሏ ላይ የውሃ ጠብታ ይዛለች። ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ ተናደደች።

"ሣር ነው" ብላ ማጉያውን መለሰች።

"እማማ፣ እዚህ ቦታ ማገዶ ተቆርጦበት ያውቃል?"

ሳቢና በልቧ አለች፦ ይኸውልሽ፣ መጣች፤ ሞሱም መነጽሩም ለዚህች ጥያቄ ነው።

"ማንም ቆርጦበት አያውቅም። እኔ እንኳ አላየሁም።"

"ታዲያ ይሄ እንደ ደረጃ ወረድ ያለው ምንድን ነው?"

ያ ደረጃ ኮልማን ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በአካፋው ሲገፋው የኖረ ጠርዝ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ፊቱን አፍርሶት ቅርጹ ቢጠፋም፣ የማንም እጅ እንዳልነካው ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል። ሳቢና ድፍረቱ አላነሳትም።

"ናዳ ነው" አለች። "ረግረጉ ተንዶ ነው። ጥንት፣ ዝናብ የበዛ ጊዜ።"

ኮልማን ዝምተኛ ነበር። ሌላው ሰው ማገዶ ሲቆርጥ የላይኛውን ልጣጭ፣ ሣሩን ከነሥሩ፣ ገፍፎ እንደ ወደቀ ይወድቅ ብሎ ይወረውረዋል። ኮልማን ግን እያንዳንዱን ልጣጭ ተሸክሞ ወደ ተቆረጠው ጉድጓድ ያወርድና ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥሞ፣ በእግሩ ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። አባቱ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ጎረቤቱ ፌስቲ ከራሱ ረግረግ ላይ ሆኖ፣ "ኮልማን! አልጋ እያነጠፍክ ነው? ማነው የሚተኛበት?" እያለ ይስቅበት ነበር። ኮልማን ሲመልስ፣ "ራቁቱን አይተዉትም" ይላል፣ በቃ። ሳቢናም ትበሳጭበት ነበር፤ በጠርሙስ የወሰደችለት ሻይ እየቀዘቀዘ፣ እሱ ለጭቃ ብርድ ልብስ ሲያለብስ ይመሻል። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። እስካሁን የምታነደው እሱ ቆርጦ ከቤቱ ጎን የከመረላትን ነው። ክምሩ ድሮ ከመስኮቱ በላይ ነበር፤ አሁን ከጉልበቷ ዝቅ ብሏል። ማታ ማታ የምታዳፍነውን እሳት ከአማቷ ነው የተረከበችው፤ በእሷ እጅ ጠፍቶ አያውቅም። በዚህ ጸደይ የእህቷ ልጅ ከጎልዌይ መጥቶ ከኮልማን ጠርዝ ላይ ሊቆርጥላት ቀጠሮ ይዟል። ረግረጉ ከተዘጋ እሳቱም አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ከልጅቷ እንደተለየች ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። በቀጥታ ፌስቲ ዘንድ ሄደች። ፌስቲ ሚስት ያላገባ፣ ወሬ ያገባ ሽማግሌ ነው።

"አንተ ፌስቲ፣ ተነስ! ናዳ ወርዷል።"

"የት?"

"ከኮልማን ረግረግ።"

"መቼ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት በለው።"

ፌስቲ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ ሁሉ በራ። "ማነው የጠየቀው?"

"አንዲት የደብሊን ልጅ። ሞስ ነው የማየው ትላለች።"

"ሞስ!" አለ ፌስቲ። "ወፍ አለቀባቸው ማለት ነው። ሰው ተጎድቷል?"

"የት?"

"በናዳው።"

"ማንም አልተጎዳም።"

"ጉዳት የሌለው ናዳ ማን ያምናል? ላም እንጨምርበት።"

"ላም አትጨምር፣ ፌስቲ!"

"አንዲት ላም ብቻ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ናዳው የመንደሩ ሁሉ ሆነ። ባለሱቋ በዚያች ሌሊት ድምፁን ሰምታ "ነጎድጓድ ነው" ብላ እንደነበር ታስታውሳለች። ፖስተኛው መንገዱ ተዘግቶበት ነበር። የፌስቲ ላም ደግሞ ስም አወጣች፤ ሮዚ ትባላለች፤ ረግረጉ ሲንሸራተት እላዩ ላይ ቆማ፣ እያመሰኳች፣ እስከ ሐይቁ ድረስ ወርዳለች። ኦርላ ይህን ሁሉ በአክብሮት ሰማች፤ አንዳንዴ ዓይኗን ጠበብ ታደርግ ነበር፣ ግን ሰማች።

ልጅቷ ጸደዩን በሙሉ አልሄደችም። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ተንበርክካ ነው። ከያንዳንዱ ዓይነት ቆንጠር ታደርግና በትንንሽ የወረቀት ከረጢት ትከታለች። ሳቢና አንድ ቀን ማንም በሌለበት የልጅቷን መኪና በመስኮት አጮልቃ አየች፤ ከረጢቶቹ በሳጥን ተደርድረው፣ በላያቸው ላይ ሰው የማያነበው ስም ተጽፎባቸዋል። ለሞስ ይህን ያህል ስም አያስፈልገውም፤ የክስ ማስረጃ ቢሆን ነው እንጂ ብላ ደመደመች። ሌላ ቀን ኦርላ ኬክ ይዛላት መጣች። ሳቢና አመስግና ተቀበለችና ለዶሮዎቹ ሰጠች። ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም፤ በማግስቱ ኬኩ ቆጫት። የእህቷ ልጅ ሲደውል "ልጅቷ እስክትሄድ አትምጣ፤ ስንቆርጥ ታየናለች" አለችው። ክምሩ ግን ልጅቷን አይጠብቅም። ግንቦት ሲያልቅ ከቁርጭምጭሚቷ ደረሰ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኦርላ በሩን አንኳኳች። ፊቷ በነፋስ ቀልቷል፣ ደስታ አላስቀምጥ ብሏታል። ሳቢና ወንበሩን ጠረገችላት፣ ሻይ ቀዳችላት፤ ከዚያ በላይ ምንም ልትሰጣት አላሰበችም።

"እማማ፣ ከእርስዎ ቤት በታች ያለው ቦታ የጉድ ነው። በዚህ አካባቢ ይኖራል ተብሎ ያልታሰበ ሞስ አለበት። የተቆረጠ መሬት ብዙ አይቻለሁ፤ በማሽን ከተቆረጠ ሃያ ዓመት ቢቆይም ራቁቱን ነው። እዚህ ግን ልክ ሰው ያለበሰው ነው የሚመስለው።"

የሳቢና እጅ የሻይ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ።

"እና ምን ይሁን?" አለች።

"አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። ሰው በእጁ ቆርጦ፣ ልጣጩን መልሶ አልብሶት ቢሆን ኖሮ፣ 'እነዚህ ሰዎች መሬቱን አልጎዱትም፣ ተዉአቸው ይቁረጡ' ብዬ እከራከር ነበር። ስንት መንደር ይተርፍ ነበር! ግን ናዳ ነው። ሰው ነክቶት የማያውቅ መሬት ደግሞ፣ ከእንግዲህም ሰው እንዳይነካው ነው የሚዘጋው። የሚወስኑት ሰዎች ሐሙስ ሊያዩት ይመጣሉ።" ቀና ብላ አየቻት። "ናዳ ነው አይደል፣ እማማ?"

 ሳቢና ኮልማን ነው ልትል አፏን ከፈተች። ያኔ የእናቷ ትምህርት ያዛት። እንዴት ያለች ብልጥ ናት! አውጪ አውጪ ነው ይሄ። "ቆርጠናል" ብዬ እንዳምን ከረሜላ እያሳየችኝ ነው፤ ካመንኩ በኋላ ነው ኮት ለባሾቹ የሚመጡት።

"ናዳ ነው" አለች ሳቢና። "ሻይሽ በረደ።"

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ግን ዕረፍት አጣች። ብትቀመጥ፣ ብትነሳ፣ "ልክ ሰው ያለበሰው ነው የሚመስለው" የሚለው ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ይህን ያህል ዘመን ኮልማንን በዚያ ሥራው ያመሰገነው ሰው የለም፤ እሷም ጭምር። አሁን አንዲት የማታውቀው ልጅ መጥታ ታመሰግነዋለች፣ የምታመሰግነው ግን ናዳውን ነው። ረቡዕ ወደ ረግረጉ ወርዳ ጣቷን በሞሱ ውስጥ ሰደደች። ከሥሩ የልጣጩ ጠርዝ ተሰማት፣ ቀጥሎም የሌላው፤ ሁለቱ እንደተጋጠሙ ናቸው። እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች፤ ተነስታም ወሰነች። ወጥመድም ቢሆን ይሁን፣ ነገ ስሙን እጠራለሁ አለች።

ሐሙስ ሁለት ሰዎች መጡ፤ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው፣ ሚስተር ታፍ ይባላል፣ ጫማው አዲስ ነው። ኦርላ ቦታውን እያሳየች ከፊት ከፊት ትሄዳለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት በአጋጣሚ በዚያ በኩል የሚያልፍበት ጉዳይ ተገኝቶለታል። ፌስቲ ከረቫት አድርጓል።

"እንግዲህ ናዳው ይሄ ነው" አለ ሚስተር ታፍ።

"ናዳ አይደለም" አለች ሳቢና።

 ባለሱቋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ናዳ የለም። ባሌ ነው የቆረጠው፣ ኮልማን ኮይን። በእጁ። ልጣጩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መልሶ አልብሶታል። እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

ኦርላ ዞር ብላ አፍጥጣ አየቻት። ሚስተር ታፍ ግን ፈገግ አለ፤ ብዙ መንደር ያየ ሰው ፈገግታ ነው።

"እመቤቴ፣ እስከ ትናንት ናዳ ነበር። ዛሬ እንደሚዘጋ ሲሰማ ባል ሆነ?"

"እውነቴን ነው! ጣትዎን ይስደዱ፣ ጠርዙን ይዳስሱት!"

"ረግረግ ሲናድም ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ጠርዝ አለው። ከእርስዎ ሌላ ያየ ሰው አለ?"

"አለ!" ሳቢና ወደ ፌስቲ ዞረች። ልቧ ቀለል አላት፤ ኮልማንን ከፌስቲ በላይ ያየው የለም። "ፌስቲ፣ ንገራቸው። አልጋ እያነጠፍክ ነው ወይ ስትለው አልነበር? ንገራቸው!"

ፌስቲ አያት። ከዚያ ሚስተር ታፍን አየ። ከዚያ እንደገና እሷን አየ፤ ሳቢና ፊቱ ላይ ያለውን አነበበች። አዘነላት እንጂ አልተጠራጠራትም። ምስኪን፣ ደነገጠች፣ ኮት ለባሽ ፊት አፏ ከዳት፣ ብሎ ነው ያሰበው። ሊያድናትም ቆረጠ። ከረቫቱን አስተካከለ።

"ጌታዬ፣ ባሏን በጣም ትወደው ነበር" አለ ለስለስ ብሎ። "ከሞተ ወዲህ ሁሉን ነገር እሱ የሠራው ይመስላታል። እዚህ ማንም ቆርጦ አያውቅም። ናዳውን በዓይኔ አይቻለሁ። ላም ነበረችኝ፣ ሮዚ የምትባል..."

"ፌስቲ!" ብላ ጮኸች ሳቢና። "ስለ እግዚአብሔር እውነቱን ተናገር!"

"እውነቱን አይደል የምናገረው?" አለና በሚስተር ታፍ ጀርባ በኩል ጠቀሳት። ላሚቱም ቆማ፣ እያመሰኳች፣ እስከ ሐይቁ ወረደች። ባለሱቋ ድምፁን እንደሰማች መሰከረች። ፖስተኛው መንገዱን አሳየ። ሁሉም አንድ በአንድ፣ እያዘኑላት፣ እየወደዷት፣ ኮልማንን ካዱት።

ኦርላ ተንበርክካ መሬቱን ስትዳስስ ቆየች። ስትነሳ ወደ ሳቢና ቀረብ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ አለች፤ "እኔ አምንዎታለሁ፣ እማማ። ግን ያን ቀን ጠይቄዎት ነበር።"

"አዎ" አለች ሳቢና። "ጠይቀሽኛል።"

ሰዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ውሳኔውን እዚያው ነገሯት። ሰው ያልነካው መሬት ነው፤ ይዘጋል።

ማምሻውን ፌስቲ ሳያንኳኳ ገባ። ከረቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከቷል፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ነው። ረግረጉ መዘጋቱን ሰምቷል፤ እሱ ግን ከዚህ የባሰ ሊመጣ የነበረውን ያዳናት ነው የሚመስለው።

"ይዘጉት!" አለ እግሩን ወደ እሳቱ እየዘረጋ። "ቢያንስ አልከሰሱሽም። አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ? ባልደርስልሽ ኖሮ ጉድሽ ፈልቶ ነበር። እንዴት ነበርኩ?"

ሳቢና ትኩር ብላ አየችው። አንቀሽ ግደዪው የሚል ነገር በውስጧ ተነሳ። ልትነግረውም ትችል ነበር፤ አንድ በአንድ፣ ምን እንዳደረገ። ግን ያረጀ ፊቱን፣ ሊመሰገን የሚጠብቀውን ፊቱን አየች፤ ይህን ውሸት ከቤቷ ይዛለት የሄደችው እሷ ናት። ከኮልማን ክምር የቀረውን አንሥታ እሳቱ ላይ ጨመረችና ሻይ ቀዳችለት።

"ጥሩ ነበርክ፣ ፌስቲ" አለችው። "በተለይ ላሟ።"